አደባባይ የሚወሰነው የት ነው?

«አደባባይ» የሚለውን ቃል አባቶቻችን የተገለገሉበት ለመንገድ መጋጠሚያ አልነበረም። አደባባይ ዳኛ የሚሰየምበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሕዝብ ፊት ቆመው የሚሟገቱበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ የተበደለ አቤት የሚልበት ስፍራ ነበር። ነገሩ «አደባባይ ወጣ» ሲባል ከጓዳ ወጥቶ ሰው ሁሉ ሊሰማውና ሊፈርድበት በሚችልበት ቦታ ቆመ ማለት ነው። ዛሬ ቃሉ ጠብቦ በአብዛኛው መኪና የሚዞርበት ክብ መሬት መጠሪያ ሆኗል። የቃሉ መጥበብ በራሱ ባላሳሰበን ነበር፤ ቋንቋ ከኑሮ ጋር ይለወጣልና። የሚያሳስበው ከቃሉ ጋር አብሮ የጠበበ ሌላ ነገር መኖሩ ነው። በአደባባይ ላይ ስለሚቆመው ሐውልት፣ ስለሚነሣው አግዳሚ ወንበር፣ ስለሚተከለው ሰዓት፣ ስለሚቆረጠው ዛፍ የሚሰጠው ውሳኔ ራሱ ከአደባባይ ርቆ ጓዳ ገብቷል።

በዚህ ረገድ ሥር የሰደደ አንድ አመለካከት አለ። ባጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፤ የከተማ መሐል ጉዳይ የመሐንዲስና የበጀት ጉዳይ ነው፤ ሐውልት ድንጋይ ነው፤ መንገድ ሲያስፈልግ ይነሣል፣ ቦታ ሲገኝ ይመለሳል፤ የኪነ ጥበብ ሰው የሚጠራው ሥራው ካለቀ በኋላ ለምረቃው በዓል ግጥምና ዘፈን ሲያስፈልግ ነው። ይህ አመለካከት በመመሪያ ላይ ተጽፎ አይገኝም። በአሠራር ግን በየማዘጋጃ ቤቱ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው እርሱን ነው።

ሙግቱ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ የታወቀ ጉዳይ እንያዝ። በ2005 ዓ.ም በሚያዝያ ወር የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቆመበት ስፍራ ተነሣ። ምክንያቱ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ ነበር፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋው መስመር በፒያሳ በኩል ከመሬት በታች ስለሚያልፍ ስፍራው መቆፈር ነበረበት። ሐውልቱ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወስዶ ተቀመጠ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ ሐውልቱም በዚያው ዓመት ወደ ስፍራው ተመለሰ። ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁሉም በመልካም የተፈጸመ ነው፤ ተነሣ፣ ተጠበቀ፣ ተመለሰ። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለውን ለማየት ሐውልቱ የማን እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም በፋሺስት ኢጣሊያ ወታደሮች የተረሸኑት ለወራሪው አልገዛም፣ ሕዝቡም አይገዛ በማለታቸው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ተውኔቱ ያቺኑ ሰዓት ወደ መድረክ አምጥቷታል። ነገር ግን ተውኔቱን ያየው፣ መጽሐፉን ያነበበው ሰው ከከተማው ሕዝብ ጥቂቱ ነው። በየቀኑ በሐውልቱ ሥር የሚያልፈው ሊስትሮ፣ ጉልት ነጋዴ፣ ተሸካሚና ተማሪ የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ያወቀው ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይደለም። ልጅ እናቱን «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ እናትም ከእናቷ የሰማችውን ነግራው ነው። ይህ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና የለውም፤ ደመወዝ የሚከፈለው መምህርም የለውም። ለሦስት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ ማለት እንጂ አንድ ድንጋይ ለሦስት ዓመት ከቦታው ታጣ ብቻ ማለት አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወላጅ መጠየቅ አልነበረበትም? ሐውልቱ ሊነሣ ነው የሚለው ነገር ለብዙው የከተማ ነዋሪ የደረሰው በወሬ መልክ ነው። ወሬም ሲነሣ ብቻውን አይሄድምና የዳግማዊ ምኒልክም ሐውልት አብሮ ይነሣል የሚል ሌላ ወሬ ጎትቶ መጣ። ከዚህ በኋላ የሚመለከታቸው ክፍሎች የአንዱ እንደማይነካ፣ የሌላው መነሣትም ጊዜያዊ እንደ ሆነ ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። የተናገሩት እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ማስተባበያ ምክክር አይደለም። ማስተባበያ የሚሰጠው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ለተቆጣ ሰው ነው። ምክክር የሚደረገው ውሳኔው ሳይሰጥ፣ ሊለወጥ በሚችልበት ሰዓት ነው። የሁለቱን ልዩነት ያልተገነዘበ ካድሬ ሕዝብ ሰብስቦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገለጻ ካደረገ በኋላ «ሕዝቡን አወያይተናል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሪፖርት በየቢሮው መዝገብ ውስጥ ስንት እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ይገምት።

«ሐውልት ድንጋይ ነው» ለሚሉት ወገኖች መልስ የሚሰጠው ደግሞ ከማንም በላይ ጠላት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በአዲስ አበባ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ያደረገውን እንመልከት። በ1923 ዓ.ም የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከአራዳ አስነሥቶ ቀበረው። በባቡር ጣቢያው ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ወደ ሮማ ወሰደው። ከአክሱም 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት ከፋፍሎ በመርከብ ጭኖ ሮማ ላይ አቆመው። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት፣ አርበኛ በየጫካው እያዋጋው፣ ለድንጋይ ብሎ ይህን ያህል ወጪና ድካም አያወጣም። ወራሪው ሐውልት ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። አድዋን ድል ያደረገውን ንጉሥ በፈረስ ላይ ተቀምጦ በየዕለቱ የሚያይ ሕዝብ እንዴት ያለ ሕዝብ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ምኒልክ ነፃነት ሲመለስ ተመለሰ፤ አንበሳው ዘግይቶ ተመለሰ፤ የአክሱም ሐውልት ግን እስከ 1997 ዓ.ም ድረስ ስንት ትውልድ ጠይቆት ተመልሶ በ2000 ዓ.ም በስፍራው ቆመ። ስድሳ ዓመት ስለ አንድ ድንጋይ የተሟገተ ሕዝብ ዛሬ በገዛ ከተማው ስለሚነሣና ስለሚተከል ነገር አስተያየት የለውም ብሎ ማሰብ እንዴት ይቻላል?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ። መንግሥት ሲለወጥ አደባባይ ይለወጣል። መስቀል አደባባይ ከ1966 ዓ.ም በኋላ አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ከ1983 ዓ.ም በኋላ ደግሞ የቀድሞ ስሙን አገኘ። የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ፤ በኋላም ተመለሰ፤ አራት ኪሎ ላይ የቆመው የድል ሐውልት ግን ስሙ ቀኑን ተከትሎ ሲዘዋወር ዝም ብሎ ቆሞ ተመለከተ። የሌኒን ሐውልት ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ለአሥር ዓመት እንኳ ሳይቆይ በግንቦት 1983 ዓ.ም ተነቅሎ ወደቀ። ሐውልቱ ፊቱን ወደ ቦሌ ማዞሩ ለመሪው የአውሮፕላን ማረፊያውን መንገድ ለማሳየት ነው እያለ የከተማው ቀልደኛ ያወራ ነበር። ይህ ቀልድ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሕዝቡ ሲተከል ያልተጠየቀበትን ሐውልት የሚሒስበት ሌላ መድረክ ስላልነበረው በቀልድ ሒሷል።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በቸርችል ጎዳና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት አለ። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በ1977 ዓ.ም መባቻ የተመረቀ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተሠራ፣ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። የዚያው ሥርዓት ልጅ ነው፤ የሌኒን ታናሽ ወንድም ማለት ይቻላል። ሆኖም አልወደቀም። ለምን? ይህ ጸሐፊ የሚሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። የትግላችን ሐውልት ጫፉ ላይ ኮከብ ቢኖረውም ሥሩ ላይ ያለው በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ከእነርሱም ጋር የወደቁ ኩባውያን አሉበት። ወታደሮቹ ደግሞ የየሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ሕዝብ መንግሥትን ከወታደሩ፣ አርማን ከሟች ለይቶ ያያል። ይህን ለይቶ የማየት ችሎታ የትኛውም ኮሚቴ አላስተማረውም። የኪነ ጥበብ ሐያሲ የይዘትና የቅርፅ ጥያቄ ብሎ የሚጠራውን ነገር ሕዝቡ በሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ይፈታዋል።

ስም ማውጣትንም በዚሁ ማየት ይቻላል። ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ሰማዕታት መታሰቢያ ነው፤ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ሠርተውታል፤ በዙሪያው ያሉት የነሐስ ቅርፃ ቅርፆች ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን እልቂት ያሳያሉ። ቦታው የተመረጠው በማስተዋል ነው፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምቡን የጣሉት በዚያው አጠገብ በነበረው ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ አደባባዩን የከተማው ሰው በዕለት ንግግሩ ስድስት ኪሎ እንጂ የካቲት 12 ብሎ አይጠራውም። ፒያሳና መርካቶም ወራሪው ጥሎት የሄደውን ስም እንደ ተሸከሙ አሉ። ይህን አይቶ ሕዝቡ ታሪኩን ረሳ የሚል አለ። አልረሳም። የካቲት 12 ቀን በየዓመቱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ስም በደብዳቤ እንደማይወርድ ግን ለሹሙ በየቀኑ ያስተምረዋል። አንድ ትዝብት ግን እዚህ ላይ ይጨመር፤ ቅርፃ ቅርፆቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀርበው ሊነበቡ ተሠርተው ሳለ ሐውልቱን መኪና የሚዞረው ክብ ውስጥ ማስቀመጥ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ላይ ሰቅሎ መሰላል እንደ መከልከል ነው። ይህንን የወሰነ ሰው የትራፊክ ፍሰትን አስቦ ይሆናል። መምህር ቢጠየቅ ኖሮ ሌላ ነገር ባሰበ ነበር።

ሁሉም ነገር ግን ጨለማ አይደለም። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን፣ ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል የሠራውን አንበሳ እናስታውስ። ለንጉሥ ክብር ተሠርቶ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ሳይነካ የቀረው ለምንድን ነው? የከተማው ሰው ከንጉሡ ወስዶ የራሱ መቀጣጠሪያ ስላደረገው ነው። «አንበሳው ጋ ጠብቀኝ» ያለው ፍቅረኛ፣ ከቴአትር ቤት ወጥቶ አንበሳው ሥር የተከራከረው ተመልካች ለአንበሳው አዲስ መታወቂያ አውጥተውለታል። መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ለዓመታት ጎህ ሲቀድ የሮጡት ወጣቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ደረጃው የተሠራው ለሰልፍ ነበር፤ ሯጮቹ ግን የስፖርት ሜዳ አደረጉት፤ ለዚህ ማንም ምክር ቤት ውሳኔ አላሳለፈም። አደባባይን ሙሉ የሚያደርገው አጠቃቀሙ ነው፤ አጠቃቀሙን የሚያውቀው ደግሞ ተጠቃሚው ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም መስቀል አደባባይ ከነምድር ቤት የመኪና ማቆሚያው ታድሶ ሲመረቅ ሊጠየቅ ይገባው የነበረው አንዱ ጥያቄ ሯጩ የት ሄዶ ይሮጣል የሚለው ነበር።

ስለ ሕግም አንድ ቃል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ከነበረበት ስፍራ በባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ሊነሣ እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ ስለ ጽሑፍ መናገሩ በከንቱ አይደለም። ጽሑፍ ፈራሚ አለው፤ ቀን አለው፤ ምክንያት አለው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ትውልድ አለው። እንግዲህ ፈቃዱ ካለ በግንባታው አጥር ላይ ለምን አይለጠፍም? የሥራ ተቋራጩ ስም፣ የአማካሪው ስም፣ የፕሮጀክቱ ዋጋ በትልልቁ ተጽፎ በሰሌዳ ይሰቀላል። ሐውልቱን ወይም ጥንታዊውን ቤት ለማንሣት ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደ ፈቀደ የሚገልጽ አንድ ወረቀት ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ብዕርና ሙጫ ብቻ ነው። ይህ ብዙ የማይጠይቅ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም፤ ስለዚህም አለመደረጉ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ አይደለም።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያጣድፈን በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ሲጀመር ፒያሳ ፊቷን በሳምንታት ውስጥ ለወጠች። በየካቲት ወር የአድዋ ድል መታሰቢያ በመሐሏ ተመረቀ፤ ብዙ ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያን የመሰለ የኖረ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ። እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ለከተማ ሰው ቅንጦት አይደሉም። በጭቃና በመኪና መካከል እየተጋፋ ዘመኑን የፈጀ እግረኛ በተነጠፈ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደስ የማይለው ጸሐፊ ቢኖር ከሕዝብ የራቀ ነው። የፈረሰው ሁሉ ቅርስ ነበር ብለን አንዋሽም፤ በዶሮ ማነቂያ ጎጆዎች ውስጥ የኖረው ሰው ከጣሪያው የሚያንጠባጥበው ዝናብ ቅርስ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ሰፈር ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው ምን ነበር? የትኛው ቤት፣ የትኛው ደረጃ፣ የትኛው ቡና ቤት፣ የትኛው የዛፍ ጥላ? ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ከማፍረሱ በፊት ብቻ ነው። ከማፍረሱ በኋላ የሚመለሰው ለናፍቆት ነው፤ ናፍቆት ደግሞ ዘፈን ያወጣል እንጂ ቤት አይመልስም።

አሁን ይኸው ሥራ በሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። ሥጋታችን በተለይ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ የተተከለው የመብራት ምሰሶ፣ አዲስ አበባ የተነጠፈው ንጣፍ፣ አዲስ አበባ የተደረደረው ዘንባባ ለሁሉም ከተማ ልክ ሆኖ ከተሰፋ ጎንደር የቤተ መንግሥቷን ድንጋይ፣ ሐረር የግንቧንና የጠባብ መንገዷን ቀለም፣ ባሕር ዳር የሐይቋን ዛፍ ይዛ የት ትቆማለች? የወረዳው ሹም አዲስ አበባን አይቶ ተመልሶ ያንኑ ማዘዙ ክፋት አይደለም፤ ማን ሌላ ነገር አሳየው? የከተማው የሥዕል መምህር ለስብሰባው አልተጠራም፤ ዕድሜያቸው የገፋ የሰፈሩ ግንበኛ አልተጠሩም። የተጠራው ካታሎግ ይዞ የመጣ ነጋዴ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በየከተማው መግቢያ አደባባይ ላይ የቆመውን የሲሚንቶ ጀበና ያላየ አለን? ጀበናው ቀለሙ ተልጦ፣ ስኒው ተሰብሮ፣ በክረምት አልጌ ለብሶ ቆሟል። ይህን የሠራው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰው ከእኛው መካከል የወጣ፣ ሥነ ጥበብ ተምሮ የተመረቀ ባለሙያ ነው። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንት ቀራፂ አፍርቷል፤ ከእነርሱ አንዱ ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ «ይህ ጀበና ለዚህ አደባባይ አይሆንም፤ ይህችን ከተማ የሠራት ሸማኔ ነው፤ የሸማኔውን መወርወሪያ ልቅረጽላችሁ» ለማለት ስንት ጊዜ ደፍሯል? ሳይደፍር የቀረው ሆዱን ፈርቶ መሆኑ ይገባናል። ሆዱን የፈራ ከያኒ ግን ሥራው ሲወድቅ በማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ማሳበብ አይችልም። አድርባይነት ጀበና ላይ ሲቆም ከሩቅ ይታያል።

አርቲስቱን ብቻ ወቅሶ ማለፍ ደግሞ ግብዝነት ይሆናል። ውድድር ሳይወጣ፣ ዳኛ ሳይሰየም፣ ዕቃ ገዝቶ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለበዓሉ አድርስ የተባለ ቀራፂ ነሐስ ሊያፈስ አይችልም። ጊዜ ያስፈልጋል። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል በአርቱሮ ሜዜዲሚ ሕንፃ ውስጥ ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ ቆሟል፤ አዳራሹ ተገቢ ጥናትና ዓመታት የፈጀ ዕድሳት ተደርጎለት በጥቅምት 2017 ዓ.ም እንደገና ተመርቋል። ዓለም አቀፍ ድርጅት ለአንድ አዳራሽ ዓመታት ሲሰጥ የከተማ ምክር ቤት ለአንድ ከተማ ሙሉ መሐል ሳምንታት ይሰጣል። ልዩነቱ በገንዘብ ብቻ ተብራርቶ አያልቅም።

ውይይት ቢከፈት ቁጣን ይጠራል የሚል ክርክር ከአንዳንድ ካድሬዎች ይሰማል። በሕዝባችን መካከል ስለ ታሪክ የተለያየ ትዝታ መኖሩ እውነት ነው፤ አንዱ ጀግና ያለውን ሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል። ታዲያ ዝምታው ምን አመጣ? በሐረር ከተማ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ የነበረው የራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም በነበረው የቁጣ ወቅት ተገንድሶ ወደቀ። ያ ሐውልት ይቁም አይቁም፣ ቢቆምስ በምን ዓይነት ጽሑፍና ማብራሪያ ይቁም የሚለው ጉዳይ በከተማው ምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መምህር፣ ሽማግሌ፣ ወጣትና ከያኒ ተገኝቶ ሊከራከርበት የሚገባ ጉዳይ ነበር። ገመድ ይዞ የመጣው ሰው ያደረገውን አንደግፍም። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በቃል የሚከራከርበት ቦታ ያልተሰጠው ሰው በምን ይከራከራል ብሎ መጠየቅ የአስተዳዳሪ ግዴታ ነው። አንድ ታላቅ ሠዓሊ የደከመበት ሥራ ወድቆ ሳለ ሥራው እንደ ጥበብ ምን ዋጋ ነበረው የሚለው ጥያቄ እንኳ ሊሰማ አልቻለም፤ በጩኸት መካከል ሐያሲ አይደመጥም።

ሌላው መከራከሪያ መዘግየት ነው። ሕዝብ ከተጠየቀ ሥራ ይዘገያል ይሉናል። ወደ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንመለስና እንቁጠር። ከመነሣቱ እስከ መመለሱ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ከመነሣቱ በፊት አንድ ወር ለሕዝብ ክርክር ቢሰጥ ኖሮ ባቡሩ ስንት ቀን ይዘገይ ነበር? ምናልባት አንድም ቀን። የቁፋሮው ንድፍ ሐውልቱ ከመነሣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት በወረቀት ላይ ነበረ፤ ያን ጊዜ የንድፉ አንድ ቅጂ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ባቡሩን የሚያስቆም ኃይል አይኖረውም ነበር። ወሬን ግን ያስቆም ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። የከተማ ምክር ቤት በመሐል ከተማ ስለሚቆም፣ ስለሚነሣ ወይም ስለሚለወጥ ማንኛውም ነገር ከመወሰኑ በፊት ሞዴሉን በቦታው ላይ፣ ቢቻል በዳስ ውስጥ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ያሳይ። ሊስትሮው ያየዋል፤ ተማሪው ይስለዋል፤ የሚጠላው ይናገራል። በዳሱ ውስጥ መዝገብ ይቀመጥ፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ሰው የሚጽፍለት የአቅራቢያው ትምህርት ቤት ተማሪ ይመደብ። የአማርኛና የታሪክ መምህራን ይህን ከክፍል ውጭ የሚሰጥ ትምህርት አድርገው ቢወስዱት ከጥቁር ሰሌዳ የሚበልጥ ሰሌዳ አግኝተዋል። ለሐውልት የሚሠራ ውድድር ይውጣ፤ ዳኞቹ ስማቸው ይታወቅ፤ ያላሸነፉትም ንድፎች ከአሸናፊው ጎን ይታዩ። በቆመው ሥራ ላይ የቀራፂው ስም ይቀረጽ፤ የመረቀው ባለሥልጣን ስም ብቻ በዕብነ በረድ የሚጻፍበት ልማድ ይብቃ። የሚነሣ ነገር ካለ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ የሚገልጽ ሰነድ አስቀድሞ ይፈረም።

ገንዘብን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ማዘጋጃ ቤቶች ለመትከል በጀት ይይዛሉ፤ ለመጠገን አይዙም። ውኃ የሚረጨው ፏፏቴ በምረቃው ቀን ይረጫል፤ በዓመቱ ፓምፑ ይበላሻል፤ ገንዳው የፕላስቲክ ጠርሙስ ማጠራቀሚያ ይሆናል። አደባባይ ላይ የተተከለ ሰዓት ሲቆም በቀን ሁለት ጊዜ ትክክል ነው እያልን እንስቃለን፤ የሰዓት ጠጋኙን ደመወዝ በበጀት ውስጥ የጻፈ ግን አይታይም። ፏፏቴ ከመትከል ይልቅ ዛፍ መትከል ለብዙ ከተማ የሚሻለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ዋርካ ፓምፕ አይፈልግም፤ ሥሩም ስብሰባ ይካሄዳል። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ማንኛውም የከተማ ምክር ቤት ለመሐል ከተማ ሥራ ገንዘብ ሲጠይቅ ከጠቅላላው ውስጥ ለጥገናና ለጠባቂ የሚውለው ድርሻ ተለይቶ በሰነዱ ላይ ይስፈር፤ ያልሰፈረበት ዕቅድ ተመልሶ ይላክ። የየከተማው የሥነ ጥበብ መምህራንና የማኅበራችን አባላትም ይህን ሰነድ ለማየት ጥያቄያቸውን በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ ቀን ጽፈውበት ያስገቡ። የደረሰኙንም ቅጂ ያስቀሩ።